ዝንብ በሽታን የምትከላከለው እንዴት ነው? ነገሩ ያለው ሴሉ ሽፋን ላይ ነው

ኮዬ ፈጬ በሉ፣ ቱሉ ዲምቱ በሉ፣ የካ አባዶ፣ ከከተማው ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች የፈለጋችሁት ጋ ብትሄዱ በሩ ላይ ጉሊት አይጠፋም። ከጉሊቱ ሙዝ ላይ ደግሞ ያቺ ቀይ ዓይን ያላት ትንሽዬ ዝንብ አትጠፋም። እፍ ስትባል ትነሳለች፣ ወዲያው ተመልሳ ቁጭ ትላለች። ጠላ የተጠመቀበት ቤትም አለች። ዛሬ የማወራው ስለ እሷ ነው። በተለይ ደሟ ውስጥ ስለሚዞሩት ሴሎች፣ ከሴሎቹም ደግሞ ሽፋናቸው ላይ ስለተተከሉት ፕሮቲኖች።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ገበሬዎች ማንጎና ብርቱካናችንን ትል በትል አደረገችብን እያሉ የሚያማርሩባት የፍራፍሬ ዝንብ ሌላ ናት፣ ቤተሰቧም ሌላ ነው። ያቺኛዋ ጤነኛውን ፍሬ ወግታ ነው እንቁላል የምትጥለው። የእኛዋ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ትባላለች። እሷ የምትፈልገው በጣም የበሰለና መፍላት የጀመረ ነገር ነው፣ እዚያ ላይ የሚራባውን እርሾ ትበላለች።

እስቲ ኑሮዋን አስቡት። የምትበላው የሚበሰብስ ነገር ነው። እንቁላሏን የምትጥለውም እዚያው ላይ ነው። እጮቿ ደግሞ እዚያው ውስጥ ተቀብረው ነው የሚያድጉት፣ በያንዳንዱ ጉርሻ ባክቴሪያ ይገባል፣ ፈንገስ ይገባል፣ ቆዳቸው ትንሽ ከተጫረ ደግሞ በጭረቱ በኩል ይገባል። እንዲህም ሆኖ ትኖራለች፣ ትራባለች። እኛ ደም ውስጥ ጀርሙን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ የሚባለው ፕሮቲን የላትም። እኛ ክትባት ስንወስድ ጠላቱን ለዓመታት የሚያስታውሱልን ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም የሏትም። ታዲያ ምን አላት?

ሁለት ነገር አላት። አንደኛው ጀርም ሲገባ ወደ ደሟ የምትረጨው ጀርም ገዳይ የሆነ ኬሚካል ነው፣ እሱን በዋናነት የሚያመርተው የስብ አካል የሚባለው ክፍሏ ነው፤ በሥራው የእኛን ጉበት ይመስላል። ሁለተኛው የደም ሴሎቿ ናቸው። ደሟ እንደኛ በተዘጋ የደም ሥር አይሄድም፤ የሰውነቷን ክፍተት ሞልቶ የውስጥ አካላቷን እያጠበ ነው የሚዘዋወረው፣ ቀይም አይደለም። በአንድ ያደገ እጭ ውስጥ እነዚህ ሴሎች በሺዎች ይቆጠራሉ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፕላዝማቶሳይት የሚባሉት ናቸው። ሥራቸው መብላት ነው፤ ባክቴሪያ ይበላሉ፣ የሞተ ሴል ይበላሉ፣ እኛ ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉት የሚሠሩትን ይሠራሉ። 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ክሪስታል ሴሎች ደግሞ ቁስሉን የሚያጠቁር ኢንዛይም ይይዛሉ። ሦስተኛዎቹ ላሜሎሳይቶች በጤናማ እጭ ውስጥ አይታዩም ማለት ይቻላል። እነሱ ጋ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የበሽታ መከላከያ ሴል ዓይን የለውም፣ ጆሮ የለውም፣ የሚነግረው አለቃም የለውም። በዙሪያው ስላለው ነገር የሚያውቀው በሙሉ በሽፋኑ በኩል የገባ ነው። ሽፋኑ ድርብ የስብ ንጣፍ ነው፣ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ፤ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 200,000 ጊዜ መደራረብ አለበት ማለት ነው። ስቡ ብቻውን ምንም አያውቅም። የሚያውቁት እሱን ሰንጥቀው የተተከሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ከጉሊት አቮካዶ ስትገዙ ቆርጣችሁ አታዩትም፣ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ነው የበሰለውን ካልበሰለው የምትለዩት፤ ሴሉም የሚለየው በመንካት ነው፣ ጣቶቹ ደግሞ እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው።

አንድ የሽፋን ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። ወደ ውጭ የወጣው ክፍል ይነካል፣ ይይዛል። መሀል ላይ ያለው ስቡን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ውስጥ የገባው ክፍል ደግሞ ውጭ የተነካውን ነገር ለሴሉ ውስጥ ያሳውቃል፣ እዚያ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል፣ ወይም የሴሉን ቅርጽ የሚቀይሩትን የአክቲን ክሮች ይጎትታል። ውጭው ከተበላሸ ሴሉ አይሰማም። ውስጡ ከተበላሸ ደግሞ ይሰማል፣ ግን ምንም አያደርግም። በሁለቱም መንገድ ሴሉ በሕይወት አለ፣ ጤነኛም ይመስላል፤ ጀርሙ ግን አጠገቡ ሆኖ ይባዛል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2005 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ኢተር የተባለ ፕሮቲን አገኙ። የሚገኘው እነዚህ የሚበሉት ሴሎች ሽፋን ላይ ነው። ወደ ውጭ የወጣው ክፍሉ ረጅም ነው፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ደጋግሞ ተቀጣጥሎበታል፣ ጫፉ ባክቴሪያውን ይይዛል። ከዚያ ሴሉ ሽፋኑን በባክቴሪያው ዙሪያ ዘርግቶ ይውጠዋል። ኢተር የሌላቸው ዝንቦች ተሠርተው ሲታዩ፣ ሴሎቻቸው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን መዋጥ ተቸገሩ። ይህ እኛንም ቁስላችን ላይ መግል የሚያስይዘን ባክቴሪያ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለውን ሌላ ባክቴሪያ ግን እንደወትሮው ይውጣሉ። ያው ሴል፣ ያው ጉልበት። አንድ ፕሮቲን ስለጎደለው ብቻ አንዱን ጠላት መያዝ ያቅተዋል፣ ሌላውን ይይዛል።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ኒምሮድ ሲ1 የሚባል የኢተር ዘመድ አለ። እሱን ብቻውን ብታጠፉት ባክቴሪያ መዋጥ ላይ ብዙም ለውጥ አይታይም። ስለዚህ አያስፈልግም ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። በ2019 የወጣ ጥናት ግን ሁለቱንም ባንድ ላይ አጠፋቸው። ያኔ ሴሎቹ ሁለቱንም ዓይነት ባክቴሪያ መዋጥ ክፉኛ አቃታቸው፣ ኢተር ብቻውን ሲጠፋ ይውጡት የነበረውን ዓይነት ጨምሮ። አንዱ የአንዱን ጉድለት ሲሸፍን ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ጥናት ለተማሪዎች ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል፤ አንድ ጂን አጥፍቶ ምንም አልሆነም ማለት ጂኑ ሥራ የለውም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ብዙ አላውቅም።

ኢተር ሌላም ሥራ አለው። የእጯ ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሴሎቹን በሚያበራ ፕሮቲን ካቀለማችኋቸው ከነሕይወቷ ከውጭ ይታያሉ። ጤናማ እጭ ላይ ብዙዎቹ ሴሎች ከቆዳዋ ሥር ተለጥፈው፣ ቡድን ቡድን ሠርተው ነው የሚታዩት። ኢተር የሌላት እጭ ላይ ያ ነገር የለም። ሁሉም ደም ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ባክቴሪያ የሚይዘው ፕሮቲን ሴሉን ከቦታውም ያስይዘዋል።

ሁሉም የሽፋን ፕሮቲን ግን ለመብላት አይደለም። ደወል ብቻ የሚደውሉ አሉ። በጣም ታዋቂው ቶል ነው፣ ታሪኩም ደስ ይላል። በ1980ዎቹ ጀርመናዊቷ ክርስቲያኔ ኑስላይን ፎልሃርድና ባልደረቦቿ ቶልን ያገኙት ስለ በሽታ ሲያጠኑ አልነበረም። የዝንቧ ሽል ጀርባና ሆዱን እንዴት እንደሚለይ እየፈለጉ ነበር። በ1996 ደግሞ ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ብሩኖ ለሜትር ከዡል ሆፍማን ቡድን ጋር ሆኖ ያንኑ ጂን በአዋቂ ዝንቦች ላይ አየው። ቶል የማይሠራላቸው ዝንቦች ፈንገስ ሲገባባቸው መከላከል አቃታቸው፣ ሻጋታ ወርሷቸው ሞቱ። በ1998 የብሩስ ቦይትለር ቡድን አይጦች ላይ ተመሳሳዩን ፕሮቲን አገኘ፤ የባክቴሪያን መርዝ የሚለየው እሱ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሰው 10 እንዲህ ዓይነት ተቀባዮች እንዳሉት ይታወቃል። ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ኖቤል ተሸለሙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ልዩነት አለ። የሰዎቹ የቶል ዘመዶች የጀርሙን ቁራጭ ራሳቸው ይነካሉ። የዝንቧ ቶል ግን ጀርሙን አይነካም። ጀርሙን የሚለዩት ደም ውስጥ የሚንሳፈፉ ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው፣ እነሱ ተራ በተራ ኢንዛይም ይቀሰቅሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ስፔትስለ የሚባል ፕሮቲን ይቆረጥና ቶል ላይ ይቀመጣል። ያኔ ደወሉ ይደወላል። ፒጂአርፒ-ኤልሲ የሚባለው ሌላው የሽፋን ፕሮቲን ግን በቀጥታ ነው፤ የኢ. ኮላይ ዓይነት ባክቴሪያዎች ግድግዳ ፍርፋሪ ሲያገኘው ራሱ ይይዘዋል፣ ወደ ውስጥም ያሳውቃል።

ቶል ያለ ምክንያት ሲደውል ምን ይሆናል? ሁልጊዜ እንደበራ የሚቀር ቶል ያላቸው እጮች አሉ። ደማቸው ውስጥ ሴሎቹ ከልክ በላይ ይበዛሉ፣ ላሜሎሳይቶች ሳይጠሩ ይወጣሉ፣ ሰውነታቸው ውስጥ ጥቁር ጥቁር እብጠት ይታያል። ጠላት ሳይኖር የሚደረግ ጦርነት ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሰዓት አለው።

ላሜሎሳይቶች ጋ እንመለሳለን ብዬ ነበር። ትናንሽ ጥገኛ ተርቦች አሉ፣ እንቁላላቸውን እጯ ሰውነት ውስጥ ወግተው ያስቀምጣሉ። ከዚያ የተርቧ ልጅ እጯን ከውስጥ እየበላች ታድጋለች። እንቁላሉ ለአንድ የደም ሴል ተራራ ነው፣ ሊውጠው አይችልም። ስለዚህ ላሜሎሳይት የሚባሉት ሰፋፊና ጠፍጣፋ ሴሎች ይፈጠራሉ፣ እንቁላሉን ከበው ይለጠፉበታል፣ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ፣ በመጨረሻ የከበቡት ነገር ጠቁሮ ይደርቃል፣ እንቁላሉ ውስጡ ይሞታል። ለዚህ መለጣጠፍ የሚያስፈልጉት ኢንተግሪን የሚባሉት የሽፋን ፕሮቲኖች ናቸው። ኢንተግሪን በውጭ በኩል የነካውን ይጨብጣል፣ በውስጥ በኩል ከአክቲን ክሮች ጋር ይያያዛል። ሲጎድል ሴሎቹ እንቁላሉ ጋ ቢደርሱም በደንብ አይከቡትም፣ ተርቧ ታመልጣለች።

ኢንተግሪን የሰውም ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዳንድ ሕፃናት የነጭ ደም ሴሎቻቸውን ኢንተግሪን የሚሠራው ጂን ተበላሽቶ ይወለዳሉ። በሽታው በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። የደም ምርመራ ሲደረግላቸው ነጭ ሴሎቻቸው አይጎድሉም፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ በዝተው ይገኛሉ። ችግሩ ሴሎቹ የደም ሥሩን ግድግዳ ጨብጠው ወደተጎዳው ቦታ መውጣት አለመቻላቸው ነው። እትብታቸው ሳይወድቅ ለሳምንታት ይቆያል። ኢንፌክሽን ይደጋገምባቸዋል። ቁስላቸው መግል አይዝም፣ ምክንያቱም መግል የሚሆኑት ሴሎች እዚያ አልደረሱም። ከባዱ ዓይነት የሚድነው በመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ዝንብ ላይ ገንዘብ ማጥፋት ምን ይረባል ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ስለ እነዚህ ልጆች ነው።

መንቀሳቀስን ካነሳን አይቀር፣ የዝንቧ ሽል ውስጥ ያለውም ጉዞ መነገር አለበት። የደም ሴሎቹ መጀመሪያ የሚፈጠሩት ከጭንቅላቷ በኩል ነው፣ ከዚያ በመላ ሰውነቷ ይበተናሉ። ፒቪአር የሚባል ሽፋን ላይ ያለ ተቀባይ ከሌላቸው በመንገድ ላይ ይሞታሉ፤ ከውጭ የሚመጣው "ኑር" የሚለው መልእክት በእሱ በኩል ነው የሚገባው። ጉዟቸው ላይ አንድ አስቸጋሪ ቦታ አለ፣ በሁለት የተጣበቁ ሕብረ ሕዋሶች መሀል ሰርጎ መግባት። በ2019 ኦስትሪያ የሚገኝ ቡድን ሚነርቫ ብሎ የሰየመው ፕሮቲን ሲጎድል ሴሎቹ እዚያ መግቢያ ላይ ሲደርሱ መግባት ይከብዳቸዋል፣ ደጁ ላይ ይከማቻሉ። ሚነርቫ ራሱ ምንም አይነካም። የሚገኘውም ሴሉ ውስጥ ባሉ ሽፋኖች ላይ ነው። ሥራው ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የስኳር ሰንሰለት እንዲለጠፍ መርዳት ነው። ስኳሩ ሳይለጠፍባቸው የወጡት ፕሮቲኖች ሽፋኑ ላይ ቢኖሩም ሥራቸውን በደንብ አይሠሩም። ይህ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ፤ ካንሰር ሴሎችም ሕብረ ሕዋስ ሰርገው ሲገቡ ፕሮቲኖቻቸው ላይ ያለው ስኳር ተቀይሮ ይገኛል፣ ተመራማሪዎቹም ለዚህ ነው ጉዳዩን የተከተሉት።

ከሁሉም ግን እኔን የያዘኝ ድሬፐር ነው። ድሬፐር የሞተ ሴል የሚያስበላ የሽፋን ፕሮቲን ነው። ሽሉ ሲያድግ ብዙ ሴሎች በሥርዓት ይሞታሉ፣ ይህ የእድገቱ አካል ነው፣ የደም ሴሎቹ እየዞሩ ይለቅሟቸዋል። በ2016 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁ። የሞተ ሴል በልቶ የማያውቅ የደም ሴል ቁስል ሲያይ ምን ያደርጋል? ሴሎች የማይሞቱባቸውን ሽሎች ተጠቅመው አዩ፣ ከዚያ በሌዘር ቁስል አደረጉባቸው። የቆሰለ ቆዳ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይለቃል፣ ይህ ለደም ሴሎች ጥሪ ነው። የሞተ ሴል በልተው የማያውቁት ሴሎች ግን ጥሪው እያለ ወደ ቁስሉ አልሄዱም። ባክቴሪያ ሲሰጣቸውም መዋጥ አቃታቸው።

ምክንያቱን ተከታተሉት። ሴሉ የመጀመሪያውን ሬሳ ሲውጥ ውስጡ ያለው ካልሲየም ድንገት ከፍ ይላል። ያ ጄኤንኬ የሚባለውን የመልእክት መስመር ያስነሳል፣ እሱ ደግሞ ተጨማሪ ድሬፐር እንዲመረት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሴሉ ሌላ ሴል ነው፤ ጥሪ ይሰማል፣ ወደ ቁስል ይሮጣል፣ ባክቴሪያ ይውጣል። አንቲቦዲ በሌላት ዝንብ ውስጥ አንድ ሴል ያለፈበትን ነገር ይዞ ይቆያል፣ የሚይዝበትም መንገድ ሽፋኑ ላይ ያለውን የፕሮቲን መጠን በመጨመር ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የሽፋን ፕሮቲኖችን የማያቸው ቋሚ ዕቃ አድርጌ አይደለም። ይበዛሉ፣ ያንሳሉ፣ በስኳር ይሸፈናሉ፣ ወደ ውስጥ ተመልሰው ይገባሉ። የሴሉ ጠባይ የሚቀየረው በነሱ ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ የተቻለው ዝንቧ ለጥናት ምቹ ስለሆነች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ አዋቂ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ጋል4 በሚባለው ዘዴ የፈለጉትን ጂን በፈለጉት ሴል ውስጥ ብቻ ማብራት ተችሏል፣ ለምሳሌ በደም ሴሎቹ ብቻ። ምግቧ የበቆሎ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳርና ማርጊያው አጋር ነው። ጠርሙሱ በጥጥ ይደፈናል። በዚህ ዋጋ የሚኖር ሌላ የላብራቶሪ እንስሳ ማግኘት ከባድ ነው፤ ውዱ ነገር የሚያበራውን ቀለም የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ነው።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝን ልናገር። ከሱሉልታ አልፋችሁ በጎጃም መንገድ ስትሄዱ ፍቼን ታገኛላችሁ። ከፍቼ የተወሰዱ ዝንቦች የውጭ ላብራቶሪዎች ውስጥ ሲጠኑ ቆይተዋል፤ የደጋችን ዝንቦች ከቆላው ዘመዶቻቸው ገዝፈው፣ ጠቆር ብለው ስለተገኙ። ዝንቧ ራሷ መነሻዋ አፍሪካ ነው። ድሮስአፍሪካ የሚባለው ተነሳሽነት ዩጋንዳና ናይጄሪያ ውስጥ ሥልጠና እየሰጠ ተመራማሪዎችን በዚህች ዝንብ እንዲሠሩ አድርጓል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም በሰፊው ቢገቡበት ደስ ይለኛል። ዝንቧ አለች፣ በቆሎው አለ፣ ጎበዝ ተማሪ ሞልቷል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱም ትንኝ ነው። ወባ አስተላላፊዋ አኖፊለስም እንደ ዝንቧ አንቲቦዲ የላትም፣ የወባ ተሕዋሲው ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት የእሷን መከላከያ ማለፍ አለበት። ከላይ ያነሳሁት ፒጂአርፒ-ኤልሲ እሷም ጋ አለ፣ ሲቀነስባት ውስጧ ያለው የወባ ተሕዋሲ ቁጥር ይጨምራል። ዲስካም የሚባል ሌላ የሽፋን ፕሮቲን ደግሞ አለ። ዝንቧ ከዚያ ከአንዱ ጂን ብቻ በቁርጥራጭ አቀጣጠል 38,016 የተለያዩ ቅርጾች ልትሠራ ትችላለች፤ ትንኟም ተመሳሳይ ጂን አላት፣ ሲዘጋባት ባክቴሪያንም የወባ ተሕዋሲንም መቋቋሟ ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ በርሜልና ሮቶ ውሃ ላይ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። እነዚህን የሽፋን ፕሮቲኖች እሷ ላይ መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ዘዴውን የሚማረው ከዝንቧ ነው።